ሁለት ወር በሰው ጠረጴዛ

ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ገደማ ነው። የድንገተኛ ክፍሉ መብራት አንዴ ይደምቃል፣ አንዴ ይደበዝዛል። አልጋው ላይ የተኙት ሽማግሌ ጋቢያቸውን ከሆዳቸው ላይ ገፍተዋል፤ ሆዳቸው እንደ ከበሮ ተወጥሯል። ሦስት ቀን ሙሉ አየርም ዓይነ ምድርም አልወጣቸውም። ልጃቸው ከመንደር እስከ መኪና መንገድ በቃሬዛ አሸክሞ፣ ከዚያ በሚኒባስ አሳፍሮ ነው ያደረሳቸው።

ሬዚደንቱ ከአዲስ አበባ ከመጣ አራተኛ ቀኑ ነው። የጠቅላላ ቀዶ ሕክምና ሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነው። በሚማርበት ትልቅ ሆስፒታል ቢሆን ኖሮ ሲቲ ስካን ያዝዛል፣ ለሲኒየሩ ይደውላል፣ ሲኒየሩም ለኮንሰልታንቱ ይደውላል። እዚህ በእጁ ያለው አንድ የራጅ ፊልም ብቻ ነው። ፊልሙን ወደ መብራቱ አነሣው። ከታችኛው ሆድ ተነሥቶ እስከ ደረት ሥር የሚደርስ፣ በአየር የተነፋ፣ መኻሉ ላይ ስንጥቅ ያለው ትልቅ ቅርጽ ታየው። የሕክምና መጻሕፍት ይህንን «የቡና ፍሬ ምልክት» ይሉታል። ቡና ሲለቀም፣ ሲቆላና ሲፈላ እያየ ላደገ ሰው ሥዕሉ አይጠፋም።

«ዶክተር፣ ለኦፕሬሽን ላዘጋጃቸው?» አለው፣ ከቤቱ ተጠርቶ የመጣውን ቀዶ ሐኪም።

ሐኪሙ መዳፉን በሽማግሌው ሆድ ላይ አሳረፈ። ጫን አለ፤ ለቀቅ አደረገ። «አባባ፣ ስነካዎት ያምማል ወይስ ስለቅ?» ሽማግሌው ውጥረቱ እንጂ ሌላ ሕመም እንደሌለባቸው ራሳቸውን በመነቅነቅ ተናገሩ። ትኩሳት የለም። የልብ ምታቸውም አልፈጠነም።

«እንግዲያው ቢላዋውን ለጊዜው ተወው» አለ ሐኪሙ። «ቱቦ አምጣ።»

ነርሷ የፕላስቲክ ሽርጥ አጥልቃ፣ ባልዲ ይዛ መጣች። ሬዚደንቱን ቀና ብላ አየችውና «ዶክተር፣ እዚያ ጋ አይቁሙ፤ ወደ ጎን ይበሉ» አለችው። ለምን እንዳለችው ከአንድ ደቂቃ በኋላ ገባው። ቱቦው በፊንጢጣ በኩል አልፎ የተጠመዘዘውን ቦታ ሲሻገር፣ የሦስት ቀን አየርና ፈሳሽ በኃይል ወጣ። የተወጠረው ሆድ በዓይን እያዩት ሟሸሸ። ሽማግሌው ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱና ውኃ ጠየቁ።

የሆስፒታሉን ስም አልጠራሁም። ሬዚደንቱም አንድ የተለየ ሰው አይደለም፤ ለአጭር ጊዜ ወደ ሌላ ሆስፒታል የሚላኩ የቀዶ ሕክምና ተማሪዎች የሚያልፉበትን ነገር በአንድ ሰው ላይ ሰብስቤ የሣልኩት ነው። በሽታው ግን እውነተኛ ነው፤ ትምህርቱም እንዲሁ።

አንጀቱ ለምን ይጠመዘዛል?

የሽማግሌው በሽታ ቮልቩለስ ይባላል፤ አንጀት በራሱ ላይ ሲጠመዘዝ ማለት ነው። በኢትዮጵያ ደጋማ አካባቢዎች ለአንጀት መዘጋት ዋና ከሚባሉት ምክንያቶች አንዱ ነው፤ በብዛት የሚያገኘውም በዕድሜ የገፉ ወንዶችን ነው። ሐኪሞች ብዙ አሰር ካለው የገጠር አመጋገብና በዚህ ሳቢያ ከሚረዝመው የታችኛው ትልቅ አንጀት ጋር ያያይዙታል። በአንጻሩ ብዙ የምዕራባውያን የቀዶ ሕክምና ተማሪዎች ሥልጠናቸውን እስኪጨርሱ የሚያዩት ጥቂት ጊዜ ብቻ ነው።

በቱቦ የማስተንፈሱ ዘዴ አዲስ አይደለም። ኖርዌያዊው ሐኪም ብሩስጎርድ እ.ኤ.አ. በ1947 ጽፎበታል (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። ዘዴው ቀላል ቢመስልም አንድ ከባድ ውሳኔ ይጠይቃል፤ አንጀቱ በሕይወት አለ ወይስ ሞቷል? ሕመምተኛው ትኩሳት ካለው፣ ልቡ ከፈጠነ፣ ሆዱ ሲነካ ከደነደነ፣ ከቱቦው ደም ያለበት ፈሳሽ ከወጣ፣ አንጀቱ በስብሶ ሊሆን ስለሚችል ሳይውል ሳያድር መክፈት ግድ ይላል። እነዚህ ከሌሉ ግን ሌሊቱን በቱቦ ማሳለፍና ሕመምተኛውን አረጋግቶ፣ የታመመውን አንጀት ከቀናት በኋላ በቀን ብርሃን ቆርጦ ማውጣት ይሻላል። ተስተንፍሶ ብቻ ወደ ቤቱ የሄደ ሰው ብዙ ጊዜ በዚያው ሕመም ይመለሳል።

ይህን ሁሉ ሬዚደንቱ አንብቦት ነበር፤ ለፈተናም ጽፎታል። ያላደረገው አንድ ነገር መዳፉን ሆድ ላይ አሳርፎ «አይ፣ ዛሬ አይከፈትም» ብሎ መወሰን ነበር። በትልቁ ሆስፒታል እንዲህ ያለው ውሳኔ ከእሱ በላይ ባሉ ሦስት ሰዎች እጅ ነው። እዚህ በእሱና በሐኪሙ መካከል ማንም የለም።

ድጓ ጋይንት፣ ቅኔ ጎጃም

ተዘዋውሮ መማር ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። የአብነት ተማሪ አኩፋዳውን አንግቶ ድጓውን ጋይንት ቤተልሔም፣ ዝማሬ መዋሥዕቱን ዙር አምባ፣ አቋቋሙን ጎንደር፣ ቅኔውን ጎጃም ይማራል። ደረሳውም በወሎ አንዱን ኪታብ ከአንዱ ሸይኽ፣ ሌላውን ከሌላው ሸይኽ ዘንድ ይቀራል። ሁሉን የያዘ አንድ መምህር የለም። ደግሞም ማስመስከሪያው ቦታ ትልቅ ከተማ መሆን አይጠበቅበትም፤ ዙር አምባ ተራራ ላይ ያለ ገዳም ነው። ዝማሬ መዋሥዕት የፈለገ ሰው ግን ከዋና ከተማው ተነሥቶ ወደዚያ ይወጣል።

ዘመናዊው የሕክምና ትምህርታችን በዚህ ረገድ ሌላ መንገድ ይዞ አደገ። የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ በ1954፣ የአዲስ አበባው የሕክምና ፋኩልቲ በ1964 ተከፈቱ። እንደ ፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ ያሉት ቀደምት ቀዶ ሐኪሞች ዕውቀቱን ከኤድንብራ ይዘው መጡ፤ በአገር ውስጥ ቀዶ ሐኪም ማሠልጠን የተጀመረውም በ1970ዎቹ መጨረሻ ነው። የቀዶ ሕክምና ትምህርቱ ከውጭ ወደ አዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባም ወደ ክልል እየወረደ ሄደ። ዛሬ ጎንደር፣ ጅማ፣ ሐዋሳ፣ መቀሌ፣ ባሕር ዳርና ሐረር የራሳቸውን ሬዚደንቶች ያሠለጥናሉ። አስተሳሰቡ ግን እምብዛም አልተለወጠም። ከክልል ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ሬዚደንት «ሊማር ሄደ» ይባላል፤ ከአዲስ አበባ ወደ ክልል የሚወርደው ደግሞ «ሊያግዝ ሄደ»።

የዚህ ጽሑፍ ክርክር አጭር ነው፤ ሁለቱም ሊማሩ ነው የሚሄዱት። ይህ ካልታመነበት የሬዚደንቶች ልውውጥ የሥራ ኃይል ማመላለሻ ሆኖ ይቀራል።

ቆላ የሚያስተምረው፣ ደጋ የሚያስተምረው

ጎንደር ከተማ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። ጋምቤላ ከ600 ሜትር በታች ናት። በአንድ አገር ውስጥ ያለው ይህ የከፍታ ልዩነት በቀዶ ሕክምና ክፍል በር ላይ የሚሰለፈውን በሽታም ይለያየዋል።

በደጋው እንቅርት ብዙ ነው። አዮዲን የጎደለው አፈርና ውኃ ለዘመናት የሠራው ሥራ ነው። ጨው በአዮዲን እንዲበለጽግ የሚያስገድደው ደንብ የወጣው በ2011 ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት ያደጉ ሰዎች እንቅርታቸውን ይዘው ዛሬም ይመጣሉ። ለሬዚደንት ይህ ትልቅ ትምህርት ቤት ነው። ከእንቅርቱ ሥር የሚያልፈውን፣ ቢነካ ድምፅ የሚያሳጣውን ቀጭን ነርቭ ደጋግሞ ፈልጎ ማግኘትን የሚለማመድበት ነው። ቆላ ላይ የሚሠለጥን ሬዚደንት ይህን ዕድል በዚያ ብዛት አያገኝም።

በመተማና በሑመራ ቆላ ደግሞ በአጨዳ ወቅት የቀን ሠራተኛው እግሩ አብጦ ይመጣል። እባብ ነክሶታል። ከተማ የተማረ ወጣት ሐኪም እንዲህ ያበጠ እግር ሲያይ ጡንቻው ታፍኖ እንዳይሞት ቆዳውን ሰንጥቆ ማስተንፈስ ያምረዋል። እዚያ የከረመ ሐኪም ግን እጁን ይሰበስባል። አብዛኛው የእባብ እብጠት የታፈነ ጡንቻ ይምሰል እንጂ አይደለም፤ ደሙ የማይረጋ ሕመምተኛን መሰንጠቅም ሌላ መዘዝ ያመጣል። እጅን መሰብሰብ መቼ እንደሚሻል ከመጽሐፍ ይልቅ ከአጠገብ ሰው ይማሩታል።

ሌላው የወጌሻ ነገር ነው። እጁ የተሰበረ ልጅ በቀርከሃ ጠብቆ ይታሰርና፣ ደም ሳይደርሰው ጣቶቹ ጠቁረው ወደ ሆስፒታል ይመጣል። ከአዲስ አበባ የመጣ ሬዚደንት እንዲህ ያለ ልጅ ሲያይ መጀመሪያ ይናደዳል። ሁለት ወር ሲከርም ግን ቁጣው ወደ ጥያቄ ይለወጣል፤ ለምን ወጌሻው ዘንድ ቀድመው ሄዱ? ሆስፒታሉ ስንት ሰዓት ይርቃል? ወጌሻውን ጠርቶ «ጣቱ ሲቀዘቅዝና ሲገረጣ ፍታው» ብሎ ማስተማር ከመቁረጥ ይቀላል። ይህ ሐሳብ በከተማው የጠዋት ስብሰባ ላይ ብዙም አይነሣም።

በክልል ሆስፒታል ሬዚደንቱ የሚያገኘው ሌላ ሰውም አለ። መንግሥት በ2009 የጀመረው የተቀናጀ የድንገተኛ ቀዶ ሕክምና ሥልጠና የሦስት ዓመት ማስተርስ ነው፤ ሐኪም ያልሆኑ የጤና ባለሙያዎች በድንገት የምትጨነቅን እናት በቀዶ ሕክምና እንዲያዋልዱና አንጀት ሲዘጋ ሆድ እንዲከፍቱ ያዘጋጃል። በሙያ ማዕረግ ከሬዚደንቱ በታች ይመስላሉ። በእጅ ልምድ ግን ሬዚደንቱ ገና ያልደረሰበት የደረሱ ጥቂት አይደሉም። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይላል የአገራችን ሰው፤ ሬዚደንቱ ይህን ተረት በትክክል የሚረዳው አይኢኤስኦ የሚባሉትን እነዚህን ባለሙያዎች አጠገባቸው ቆሞ ሲያግዝ ነው።

በአገራችን የቀዶ ሕክምና ታሪክ ይህን ከማንም በላይ የምታስረዳው ማሚቱ ጋሼ ናት። በወሊድ ጉዳት ታምማ በ1962 ወደ ዶክተር ካትሪንና ሬጅናልድ ሐምሊን የመጣች ልጃገረድ ነበረች። ሕክምና ትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጠችም። በቀዶ ሕክምና ክፍል እያገዘች፣ እያየች፣ ቀስ በቀስም ራሷ እየሠራች የፊስቱላ ቀዶ ሕክምና ተካነች። በ1989 የእንግሊዝ የቀዶ ሐኪሞች ሮያል ኮሌጅ ከሐምሊኖች ጋር የወርቅ ሜዳሊያ ሸለማት። ወደ አዲስ አበባ ፊስቱላ ሆስፒታል ሊማሩ የሚመጡ ሐኪሞች ከእሷ ጎን ቆመው ተምረዋል። ያስተማራቸው ዲግሪ ሳይሆን እጅ ነበር።

ተጓዦቹ ወንድማማቾች

ቀዶ ሐኪሞች እርስ በርስ መጎብኘትን የጀመሩት ዛሬ አይደለም። ሬዚደንሲ የሚባለውን ሥርዓት በባልቲሞር የዘረጋው ዊሊያም ሃልስቴድ አስቀድሞ ሁለት ዓመት በአውሮፓ ሆስፒታሎች እየተዘዋወረ አይቶ ነበር። ሃርቪ ኩሺንግና ጓደኞቹ በ1903 የመሠረቱት የቀዶ ሐኪሞች ማኅበር ዋና ሥራው አንዱ የሌላውን ቀዶ ሕክምና ክፍል ገብቶ ማየት ነበር።

ከሁሉ የሚገርመው ግን የማዮ ወንድማማቾች ነገር ነው። ዊልና ቻርሊ ማዮ ይሠሩ የነበሩት ሮቼስተር በምትባል ትንሽ የሚኒሶታ ከተማ ነው። አንዱ ሲጓዝ ሌላው ይቀራል፤ የተጓዘው ያየውን ይዞ ሲመለስ የቀረው ይነሣል። ሆስፒታሉ አይዘጋም፣ ዕውቀቱም አይቆምም። ቆይቶም የትልልቅ ከተሞች ሐኪሞች ወደዚያች ትንሽ ከተማ ሊያዩ መምጣት ጀመሩ። ወንድማማቾቹ የሠሩበት ደንብ አንድ ነው፤ ሄዶ የሚያይ ካለ፣ በቦታው የሚተካም አለ።

በእኛ ቀጣናም ይህን የሚመስል ነገር አለ። የምሥራቅ፣ የመካከለኛውና የደቡብ አፍሪካ የቀዶ ሐኪሞች ኮሌጅ በ1999 ተመሠረተ። ኢትዮጵያን ጨምሮ 14 አገሮችን ያቀፈው ይህ ኮሌጅ ዋና ግቢ ያለው ዩኒቨርሲቲ አይደለም። ተማሪው ብቃታቸው በተረጋገጠላቸው ሆስፒታሎች እየሠራ ይማራል፣ የሠራውን በሎግቡክ ይመዘግባል፣ በመጨረሻም ከሌሎቹ አገሮች ተማሪዎች ጋር በአንድ ሚዛን ይፈተናል። ሰዎቹ «ግድግዳ የሌለው ኮሌጅ» ይሉታል። በሌላ ቦታ የተሠራ ኬዝ ዋጋ የሚያገኘው ሎግቡኩ ተጓዥ ስለሆነና መመዘኛው አንድ ስለሆነ ነው። ዳር አገር ያለ ሐኪም የፈረመበት ገጽ አዲስ አበባ ካልተቆጠረ፣ የመጓዙ ትርፍ የመንገድ ድካም ብቻ ነው።

ከሌላው አቅጣጫ

አሁን መንገዱን እንገልብጠው። በደቡብ በሚገኝ ሆስፒታል የምትሠለጥን ሬዚደንት ለሁለት ወር አዲስ አበባ መጣች። ይህችም እንደ መጀመሪያው ሬዚደንት የብዙዎች ድምር ናት። የመጣችው በትናንሽ ቀዳዳዎች ካሜራና መሣሪያ አስገብቶ የሐሞት ከረጢት ማውጣትንና ኢንዶስኮፒን ለመማር ነው። በጠዋቱ ስብሰባ ከኋላ ወንበር ተቀመጠች። በመጀመሪያው ሳምንት በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ኮንሰልታንቱ፣ ሲኒየሩ፣ ሁለት ጁኒየር ሬዚደንቶችና ኢንተርኖች ነበሩ፤ እሷ ከትከሻቸው በላይ በእግር ጣቷ ቆማ ታያለች። የሠልጣኙ ቁጥር ሲበዛ አንዱ የሌላውን ኬዝ ይሻማል። እንግዳ ደግሞ የመጨረሻው ተራ ላይ ነው።

አንድ ቀን ሌሊት በአደጋ ጭንቅላቱ የተመታ ወጣት መጣ። በራስ ቅሉ ሥር ደም እየተጠራቀመ፣ አንዱ የዓይኑ ብሌን እየሰፋ ነበር። የነርቭ ቀዶ ሐኪሙ ተጠራ። በሚጠበቅበት ጊዜ ጁኒየሩ ሬዚደንት እሷን ጠየቃት። «እናንተ ጋ እንዲህ ያለው ሲመጣ ምን ታደርጋላችሁ?» በእጅ በሚዞር መሠርሠሪያ የራስ ቅሉን የሚበሳው ጠቅላላ ቀዶ ሐኪሙ ራሱ እንደሆነ፣ ወደ ሌላ ከተማ ማስተላለፍ ብዙ ሰዓት ስለሚፈጅ ሌላ ምርጫ እንደሌለ ነገረችው። የት ቦታ እንደሚበሳም በራሷ ጭንቅላት ላይ በጣቷ አሳየችው። ሙያው በዝርዝር በተከፋፈለበት ትልቅ ሆስፒታል ጠቅላላ ቀዶ ሐኪም የሚነካው የአካል ክፍል እየጠበበ ይሄዳል። በማግሥቱ በራውንድ ላይ ኮንሰልታንቱ እሷን ከኋላ ወደ አልጋው ጠራት።

የላንሴት የዓለም አቀፍ ቀዶ ሕክምና ኮሚሽን በ2015 ባወጣው ዘገባ የአንድ ሆስፒታልን የቀዶ ሕክምና አቅም የሚያሳዩ ሦስት ሥራዎችን ለይቷል፤ በቀዶ ሕክምና ማዋለድ፣ ሆድ መክፈትና ቁስል ያለበትን የአጥንት ስብራት ማከም። ሕመምተኛው እነዚህን በሁለት ሰዓት ውስጥ ሊያገኝ ይገባል ይላል። አምስት ቢሊዮን ሰው ደኅንነቱ የተጠበቀና ዋጋው የሚቻል ቀዶ ሕክምና እንደማያገኝም ገምቷል። ሦስቱ ሥራዎች ትልቅ መሣሪያ የሚፈልጉ አይደሉም። ሁሉንም የሚሠራ እጅ ይፈልጋሉ። እንዲህ ያለው እጅ ደግሞ ዛሬ በብዛት ያለው በክልል ነው።

እንግዳ የገባበት ክፍል

የሰው ጠረጴዛ ላይ መቆም አደጋም አለው። መቀሶቹ የተቀመጡበት ቦታ ይለያል። ነርሷ የእንግዳውን አመል አታውቅም። እንግዳው ደግሞ ደም ባንኩ በሌሊት ይከፈት አይከፈት አያውቅም፤ ኦክሲጅኑ ስንት ሲሊንደር እንደቀረም አልጠየቀም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2008 ያወጣው የቀዶ ሕክምና ደኅንነት ማረጋገጫ ዝርዝር 19 ነጥቦች አሉት። ከቆዳው መሰንጠቅ በፊት ከሚጠየቁት አንዱ ይህ ነው፤ በክፍሉ ያለ ሰው ሁሉ ስሙንና ሥራውን ተናግሯል ወይ? ለዓመታት አብረው ለሠሩ ሰዎች ይህ ነገር ቀልድ ይመስላቸዋል። እንግዳ በገባበት ክፍል ግን ከሁሉ የሚቀድም ጥያቄ ነው። ስሙን የማያውቁትን ሰው «ቆይ፣ አትቁረጥ» ብሎ ማስቆም ከባድ ነው።

ለዚህም ነው በደንብ የታሰበበት ልውውጥ ጥቂት ነገሮችን አስቀድሞ የሚያስተካክለው። የመጀመሪያው ሳምንት ማገዝ ብቻ ነው፤ ቢላዋ አይጨበጥም። ሬዚደንቱ ሲሄድ በቦታው ከዚያኛው ሆስፒታል ሌላ ሬዚደንት ይመጣል፤ አንድ እጅ አያጨበጭብም። የመኝታና የአበል ነገር ከጉዞው በፊት በደብዳቤ ያልቃል እንጂ ተማሪው በየቢሮው እየዞረ አይለምነውም። ምን ሊማር እንደመጣ በጽሑፍ ይይዛል፤ በመጨረሻውም ሳምንት ያ ይጠየቃል። ዲዩቲ የሚሸፍን ሰው ስለጠፋ ብቻ የተጠራ ሬዚደንት ተማሪ አይደለም፤ ያለ ደሞዝ የተቀጠረ ሐኪም ነው።

ከሁሉ የሚረሳው ግን ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ያለው ነው። ቀዶ ሐኪም ከስህተቱ የሚማረው ቁስሉ ሲመግል፣ ስፌቱ ሲላቀቅ፣ ሕመምተኛው ከወር በኋላ ሲመለስ አይቶ ነው። የሁለት ወር እንግዳ ግን ብዙውን ጊዜ ይህን ሳያይ ይሄዳል። የሠራውን ያውቃል፤ የሆነውን አያውቅም። ቀሪዎቹ ሐኪሞች ደግሞ ያልሠሩትን ቁስል ያክማሉ።

ወደ ሽማግሌው እንመለስ። ቱቦው በገባ በአራተኛው ቀን፣ በጠዋት፣ ከአንጀታቸው የታመመው ክፍል ተቆርጦ ወጣ። ከመቆረጡ በፊት ነርሷ ሁሉንም ስማቸውን አስጠራች፤ ሬዚደንቱም የራሱን ተናገረ። ሐኪሙ ከጎኑ ቆሞ እያየው፣ ስፌቱን የሰፋው እሱ ነው። ሽማግሌው ጋቢያቸውን ለብሰው፣ በልጃቸው ተደግፈው በእግራቸው ወጡ። ቀጠሯቸው ከስምንት ሳምንት በኋላ ነው። ያኔ ሬዚደንቱ አዲስ አበባ ነው።

ከመሄዱ በፊት ነርሷ ስልክ ቁጥሩን ተቀብላ በሽማግሌው ካርድ ጀርባ ጻፈችው። የአንድ ልውውጥ ዋጋ የሚለካው በዚያች ቁጥር ነው። በቀጠሮው ቀን የሚደውልለት ሰው ካለና ሰምቶ በሎግቡኩ ከጻፈው ተምሯል፤ የሚደውል ከሌለ ግን አገር አይቶ ተመለሰ ማለት ነው።